አራት ጣት ሐዲድ

ጎንደር ባቡር የላትም። ይህን የምነግራችሁ እንደማታውቁት ቆጥሬ አይደለም፤ ነገር ከመሠረቱ ሲጀመር ደስ ስለሚለኝ ነው። ይመጣል የሚል ወሬ አልፎ አልፎ እንሰማለን፤ ወሬው ይመጣል፣ ባቡሩ ይቀራል። ለአንድ ጧት ግን ጎንደር ባቡር ነበራት። ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር፣ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ሹፌሩ ሸክላ። ከትምህርት ቤታችን አዳራሽ በር ተነሥቶ የት እንደደረሰ እነግራችኋለሁ፤ ግን በተራው ነው።

በተራው የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ገበያ ስወጣ እንኳ የምገዛውን በቁጥር እጽፋለሁ፤ ሽንኩርት ሁልጊዜ ቁጥር አንድ ነው። ጓደኞቼ “አንተ ስታስነጥስም መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለህ” ይሉኛል። ስም ማጥፋት ነው። ሐተታው ላይ ሳለሁ ደወል ይደወልብኛል እንጂ መደምደሚያ ደርሼ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክፍል ነው። ከአዳራሹ ኋላ፣ ድሮ አካፋና ዶማ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል አለ። እንደተቀጠርኩ ለምኜ ለሳይንስ ክበብ አስደረግሁት። ውስጡ አንድ ዓይኑ የጠፋ ማይክሮስኮፕ፣ ቀለበቷ ወልቆ ጁፒተርን የመሰለች ሳተርን እና ሁልጊዜ ከወንበሩ ቁጥር የሚበልጡ የክበብ አባላት አሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጥያቄ የማይጠይቅ ተማሪ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ያን ክፍል ከማጣ አንዱን ጆሮዬን ባጣ ይሻለኛል፤ ለማስተማር የሚያስፈልገው አፍ ነው።

ዳይሬክተራችን አቶ አስማረ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለባቸው። የተሰበሩ ዴስኮች ደጅ ተከምረው ዝናብ ሲመታቸው ማየት አይችሉም። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ወደ ዴስኮቹ ያደላል እንጂ። አንድ ቀን ቢሯቸው ጠሩኝና ክፍሉን ለዴስኮቹ እንድለቅ ነገሩኝ። እኔም ስለ ሳይንስ ክበብ ጥቅም በስድስት ነጥብ አስረዳሁ። ስድስተኛውን ጨርሼ ወደ ንዑስ ነጥቦቹ ስገባ እጃቸውን አነሡ።

“መምህር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ያየሁት ጭስ ብቻ ነው።”

ጭሱን አልክድም። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጨሰው፤ እሱም በቁጥጥር ሥር ነበር፣ በኋላ። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት፣ የወላጆች ቀን እየደረሰ መሆኑን አስታውሰው በዚያን ቀን ከክበቡ ወጥቶ የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር እንዳሳያቸው ጠየቁ። የሚንቀሳቀስ፣ ግን የማይጨስ። አፌ ቀድሞውንም ተከፍቶ ስለነበር “ባቡር” የሚል ቃል ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔው አፋፉንም አልፎ ቁልቁል ወርዷል።

አቶ አስማረ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው የክፍሉን ቁልፍ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“ባቡርህ ይህን ቁልፍ ከአዳራሹ በር እኔ እስካለሁበት ጠረጴዛ ያምጣልኝ። የሰው እጅ ሳይነካው። ካደረሰ ቁልፉም ክፍሉም ያንተ ነው። ካላደረሰ በነጋታው ዴስኮቹ ይገባሉ።”

እሺ ብዬ ወጣሁ። እንዲያውም በፈገግታ ነው የወጣሁት።

ባቡር ለምን አልኩ? አስረዳለሁ። ባለፈው ክረምት ለሥልጠና ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። ሌሎቹ ሠልጣኞች ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲወጡ እኔ አሮጌው ጣቢያ ሄጄ አንድ የቆመ የናፍጣ ባቡር ሳይ ዋልኩ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ የድሮው ሐዲድ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። ጠባብ ሐዲድ ለተራራ አገር ይስማማል፤ ሰፊው መታጠፍ ሲከብደው ጠባቡ እንደ ፍየል በገደል ሥር ይጠማዘዛል። ሊማሊሞን የሚወርድ ባቡር ቢኖር ጠባቡ ነው ብዬ ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ለማይሰማኝም። ሁለተኛ፣ በብዙዎቹ የናፍጣ ባቡሮች ናፍጣው ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። ናፍጣው ሞተር ያዞራል፣ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪኩ ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሄድ የናፍጣ ባቡር ብሠራ ማጭበርበር አይባልም፤ መሃል ያለውን አንድ እርምጃ መዝለል ነው። በናፍጣ ሰልፍ ውሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን እርምጃ በመዝለሌ ይመርቀኛል።

አያ መኳንንት ግን አልመረቁኝም። አያ መኳንንት የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ናቸው። በወጣትነታቸው በሰፈራቸው የጥምቀት ምንጣፍ አንጣፊዎች አለቃ ነበሩ፤ ዛሬም በዓሉ ሲቃረብ ወጣቶቹን የሚያሰልፉት እሳቸው ናቸው። ሰው ፊት “አንቱ መምህር” ይሉኛል፤ ሞኝነቴ ሲብስባቸው “አንተ” ይሆናል። ባቡር ልሠራ መሆኑን ስነግራቸው ሸጋ ነው አሉና ናፍጣው በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቁኝ። ከላይ ለእናንተ ያልኩትን ሁሉ፣ ሊማሊሞንም ጨምሬ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

“ገባኝ” አሉ። “ናፍጣው በየት ነው የሚገባ?”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧት ጧት በሩ ላይ ከሰላምታ ቀጥሎ የምንነጋገረው ይህንን ሆነ።

አዲስ ደብተር ገዛሁና የሚያስፈልገውን ሁሉ ከቁጥር አንድ እስከ አርባ ሦስት ጻፍኩ። ሞተሩንና ጥርሶቹን በአስተዳደር ቢሮ ከሞተ ፕሪንተር አወጣሁ። ባትሪውን የሒሳብ መምህሩ ከጣለው ላፕቶፕ አገኘሁ፤ ላፕቶፑ ቢሞትም ባትሪው ውስጥ አራት ነፍስ ያላቸው ሴሎች ነበሩ። አካሉን ከዘይት ቆርቆሮ ቆረጥኩት። አረንጓዴ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ ያም ሆኖ ብርሃን በጎን ሲመታው “ንጹሕ የምግብ ዘይት” የሚለው ጽሑፍ ብቅ ይላል። ጎማዎቹን ቶርኖ ቤት አስቀረጽኳቸው። ጎማ የምለው ልማድ ሆኖ ነው፤ ብረት ናቸው፣ ከሐዲዱ እንዳይወርዱ ከውስጥ በኩል እንደ ከንፈር ወጣ ያለ ጠርዝ አላቸው። ሁሉንም ነገር ከእውነተኛው ባቡር አንድ አሥራ አራተኛ አድርጌ፣ በማስመሪያ፣ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ነው የሠራሁት። የድሬዳዋው አንድ ሜትር ለአሥራ አራት ሲካፈል ሰባት ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ይሆናል፤ ጎማዎቹን በዚያው ስፋት ገጠምኳቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ባቡሩ ሲያልቅ ጣውላ ላይ አድርጌ አበራሁት። ጎማዎቹ ዞሩ። ባቡሩ ግን አልሄደም። ባለበት ቆሞ እንደ ቡና ወፍጮ ጮኸ። ምክንያቱን አወቅሁት፤ ባቡሩ ክብደት ስለሌለው ነው። ክብደት ከሌለ ሰበቃ የለም፣ ሰበቃ ከሌለ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ አይገፋም። ይህንን ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ የዘይት ቆርቆሮው ግን ክፍል ገብቶ አያውቅም። ድንጋይ ብጭንበት መልኩ ይበላሻል። ስለዚህ ከባድ ሹፌር ያስፈልገዋል አልኩና በሚኒባስ ሸክላ ሠሪዎቹ ወዳሉበት ወደ ወለቃ ሄድኩ።

ስህተቴ የተፈጸመው እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

በአንድ እጄ ባቡሩን አቅፌአለሁ፣ በሌላው ከላይ ያለውን ብረት ይዣለሁ፤ ስልኬ ጮኸ፤ ብረቱን ለቅቄ በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ያዝኩት። ይግዛው ነው። ይግዛው አራዳ ውስጥ ብየዳ ቤት ያለው ወዳጄ ነው፤ የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራበትን ስድስት ቁጥር ፌሮ ለሐዲድ እንዲበይድልኝ ነግሬው ነበር። ሃያ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ሜትር፤ አዳራሹ ሃያ ሜትር ነውና። የደወለው በሁለቱ ፌሮዎች መካከል ስንት ይሁን ለማለት ነው። ሰባት ሴንቲ ሜትር ልል ስል ሜትሩን ሰው ወስዶበት እንዳልመለሰለት ነገረኝ። “በጣት ንገረኝ፤ እኛ በጣት ስንሠራ ነው የኖርነው።”

ጎማዎቹን እጄ ላይ አስጠግቼ አየሁ። ከአመልካች ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ ልክ ገጠመ፤ እንደተሰፋ ጓንት። ተደሰትኩ።

“አራት ጣት” አልኩ።

አንባቢዎቼ፣ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ልኬት ነው። ጣት፣ ስንዝርና ክንድ ከሰው ሰው ስለሚለያዩ ዓለም በአንድ መለኪያ ተስማማ ይላል። ይህንን በየዓመቱ ለአራት ክፍል አስተምራለሁ። ሸማ በክንዱ የሚሸጥ አጭር ነጋዴና በክንዱ የሚገዛ ረጅም ደንበኛ የሚጣሉበት ድራማም አለኝ፤ ሁለቱንም ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ። ታዲያ ያን ቀን ምን ሆንኩ? እንጃ። ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ጭንቅላቴ ጣራውን ስለነካ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ባቡሩን አገላብጣ አየችና ሹፌሩ ጨዋ ይሁን ባለጌ ስትል ጠየቀችኝ። ጨዋ ነው አልኳት። “እንግዲያው እጁን ያንሣ። መንገደኛን ሰላም የማይል ሹፌር ጨዋ አይባልም” አለች። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ሰውየው ደርሷል፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከባቡሩ የሚከብድ። ጭንቅላቱ ግን እኔ ከነገርኳት ልክ በልጦ ስለነበር የባቡሩን ጣራ በሰፊው በስቼ ከነእጁ አወጣሁለት። ጣውላው ላይ አስቀምጬ ሳበራው ባቡሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። እኔ በበኩሌ ሥራው አለቀ አልኩ።

የወላጆች ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው ይግዛው ቤት ሄድኩ። ሃያው ቁራጭ ሐዲድ ግድግዳ ተደግፎ ያብረቀርቃል፤ ብየዳው አንድ ጉድለት የለበትም። አንዱን መሬት ላይ ዘረጋን። ባቡሩን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ላዩ ላይ አወረድኩት። ወረደ። ወረደ። መሬት እስኪነካ ወረደ። በሁለቱ ብረቶች መካከል፣ ገንዳው ውስጥ እንደተኛ አህያ፣ በሰፊው ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ይግዛው አየው። “ውስጥ ውስጡን እንዲሄድ አይደል የፈለግኸው?” አለኝ። በቅንነት ነው የጠየቀኝ።

እጄን ዘረጋሁ። እሱም እጁን አጠገቡ ዘረጋ። ይግዛው ሳንጃ ተወልዶ፣ ከልጅነቱ ሰሊጥ ሲያጭድ አድጎ፣ ከዚያ ወደ ብረት የገባ ሰው ነው። አራት ጣቱ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር አልፏል። የኔ ጠመኔ ብቻ ይዞ ያደገ ነው። ሁለቱን እጆች አፈራርቆ አየና ራሱን ነቀነቀ።

“መምህር፣ ይህ ጣት ነው ወይስ ክብሪት?”

ጎማዎቹን ማስፋት አይቻልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይቻልም፤ ዘንጋቸው በልክ ተቆርጧል፣ ጎማዎቹም በመዶሻ ተመትተው ነው የገቡት። መጥበብ ያለበት ሐዲዱ ነው። ይግዛው ሳይነጫነጭ ግራይንደሩን አነሣ፤ አንዱን ፌሮ ቆርጦ በማስመሪያዬ፣ በዚህ ጊዜ በማስመሪያዬ፣ አስጠግቶ በየደ። አንድ ቁራጭ አለቀ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ጨርሶ አምስተኛውን ሲያነሣ መብራት ሄደ። ከሱቁ ወጥተን አየን፤ የአራዳ ሱቆች ሁሉ ጨልመው ባለቤቶቻቸው ደጅ ላይ ቆመዋል። እስኪመሽ ጠበቅን፤ አልመጣም። በነጋታው ደግሞ ማርያም ነበረች፤ ይግዛው በማርያም እሳት አይነካም። በማርያም ማግስት የወላጆች ቀን ነው። በእጄ ያለው አራት ሜትር ሐዲድ ነው። አዳራሹ ሃያ ሜትር ነው።

አቶ አስማረ ዘንድ ገባሁና ርቀቱ ትንሽ ቢያጥር ብዬ በሦስት ነጥብ አስረዳሁ። መነጽራቸውን አውልቀው “ጠረጴዛውን በሩ ላይ ላምጣልህ?” አሉኝ። በጣም አመሰግናለሁ ልል ስል ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

በማርያም ቀን አራቱን ቁራጭ ተሸክሜ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አያ መኳንንት አጠገብ ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ስለ ናፍጣው ሊጠይቁኝ ሲሉ መልኬን አይተው ተዉት። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ጣቱን፣ መብራቱን፣ ከነገ ወዲያ ዴስኮቹ የሚገቡ መሆኑን። ሐዲዶቹን አንድ በአንድ እያነሡ አዩአቸው።

“ምነው፣ ጥምቀት አይተህ አታውቅም?” አሉኝ። “አንተ” መባሌን ልብ በሉ።

አይቻለሁ አልኳቸው።

“እንግዲያ ምንጣፉ ከየት እስከ የት የሚበቃ ይመስልሃል? ከተማውን ሙሉ የሚያለብስ ምንጣፍ ያለው ማን ነው? ታቦቱ ያለፈበት ከኋላ ይነሣል፣ ሮጦ ከፊት ይነጠፋል። እኛ ባሥር ምንጣፍ ስንት መንገድ ሸኝተን መልሰናል።” ከዚያ አማተቡ። “ታቦትን ከቆርቆሮ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ይቅር ይበለኝ። አሠራሩን ነው የምልህ።”

በዓመት በዓመቱ በዓይኔ የማየው ነገር ነው። ሐዲድ ግን አንድ ጊዜ ከተዘረጋ የማይነሣ ነገር ስለመሰለኝ እንጂ! ዘልዬ አቀፍኳቸው፤ ቆባቸው ወደቀ።

ወዲያው ልምምድ ጀመርን። ይግዛው መጣ፤ በበዓል ሐዲድ መዘርጋት ሥራ እንዳይሆንበት ጠይቆ አያ መኳንንት “ምንጣፍስ በበዓል አይደል የሚነጠፍ?” ብለው ፈረዱለት። የክበቡ አባላትም ተሰበሰቡ። ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ በሚስማር እናያይዛለን፤ ባቡሩ ከአንዱ ሲወርድ ሚስማሩ ይነቀላል፣ ቁራጩ ተነሥቶ ወደ ፊት ይሮጣል። ችግሮች ነበሩ፤ ተራ በተራ ፈታናቸው። ቁልፉ፣ ለልምምድ የኔን የቤት ቁልፍ ነው የተጠቀምነው፣ ከሹፌሩ እጅ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ለነገው ሰም በተቀባ የጫማ ሰፊ ክር ሦስት ጊዜ ለመቋጠር ወሰንኩ። ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ ከአሮጌ መብራት የተፈታ ስለነበር ባቡሩ ሲነቀነቅ ራሱን ያጠፋል። አወጣሁትና ሁለቱን ሽቦ ለጊዜው በቀጥታ አገናኘኋቸው። ደብተሬ ላይ “ቁጥር አርባ ሦስት፣ ማጥፊያ” በሚለው አጠገብ “ለጊዜው” ብዬ ጻፍኩ። ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። የጭልጋም የዳባትም ዘመድ የመጣ ይመስላል፤ ነጠላው ብቻ አዳራሹን አብርቶታል። በሩቁ ጫፍ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከኋላው አቶ አስማረ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከሳቸው ኋላ ደግሞ ለንፋስ የተከፈተው የኋላ በር። ቁልፉን ራሳቸው አምጥተው ሰጡኝ፤ ከሸክላው ሹፌር እጅ ላይ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት። ሽቦዎቹን ሳገናኝ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

አንደኛው ሜትር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። አያ መኳንንት ከፊት ሆነው በዱላቸው መንገድ ያሳያሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ “ከኋላ አንሣ፣ ከፊት አንጥፍ” ይላሉ። ባቡሩ እንደ አሮጊት እርምጃ ይሄዳል፤ እኛ እንደ ሚዳቋ እንሮጣለን። መጀመሪያ ወላጆች የሳቁብን መሰለኝ። አዳራሹ መሃል ስንደርስ ግን አንዲት እናት ነገሩን ለይታ “አዬ፣ እንደ ምንጣፉ ነው እኮ” ስትል ሰማኋት፤ ከዚያ ማጨብጨብ ጀመሩ። አሥራ ሁለተኛው ሜትር ላይ አንድ ሚስማር ጠፋ። ባቡሩ እየመጣ ነው፤ ሁለቱ ቁራጮች ተለያይተዋል። ይግዛው መሬት ላይ ተንበርክኮ መጋጠሚያውን በእነዚያ ጣቶቹ ግጥም አድርጎ ያዘው። ባቡሩ በጣቶቹ አጠገብ አለፈ። ስለ እነሱ ላሰብኩት ሁሉ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ሃያኛው ሜትር፤ ጠረጴዛው። አቶ አስማረ ተነሥተው ወደ ፊት ወጡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጎንበስ ብለው ቁልፉን ያዙ። ቁልፉ አልመጣም። ባቡሩም አልቆመም። ጎንበስ እንዳሉ ቋጠሮውን እየፈለጉ አብረውት ሄዱ።

“አቁመው እንጂ” አሉኝ ቀስ ብለው።

“አይቆምም።”

“እንዴት አይቆምም?”

“ማጥፊያ ለጊዜው የለውም።”

ላንሣው እንዴ ሲሉ “የሰው እጅ ሳይነካው ብለዋል” ብዬ አስታወስኳቸው። ስምምነት ስምምነት ነው። ባቡሩ ጨርቁን ገልጦ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። እሳቸው ጠረጴዛውን በግራ ዞረው በወዲያኛው በኩል ጠበቁት፤ ሹፌሩ እጁን አንሥቶ ብቅ ሲል እንደገና አጎነበሱ። እኛ ምን እናድርግ? መዘርጋት ብናቆም ባቡሩ መሬት ይወርድና ይገለበጣል፣ ቁልፉም አልደረሰም ይባላል። አያ መኳንንትን አየሁ። እሳቸው የተከፈተውን የኋላ በርና ከበሩ ፊት ለፊት፣ በግቢው ማዶ፣ ያለውን የክበቡን ክፍል አዩ።

“ቤቱን ያውቀዋል” አሉ። “ቀጥሉ።”

ከበሩ ወጥቶ ወደ ክፍሉ የሚወስደው ሲሚንቶ መንገድ በጥቂቱ ቁልቁለት ነው። የተዳፋትን ትምህርት አሥራ አንደኛ ክፍል ነው የምናስተምረው፤ እኔ ግን ያን ጧት ነው የተማርኩት። ባቡሩ ፈጠነ። ይግዛው ጫማውን ጥሎ ሮጠ። የክበቡ አባላት ቁራጮቹን እየተቀባበሉ ይሮጣሉ፣ አቶ አስማረ እንዳጎነበሱ ይሮጣሉ፣ ክራቫታቸው ከባቡሩ ጎን ይሮጣል፣ ወላጆች ደግሞ አንድም ሳይቀር ከአዳራሹ ወጥተው በእልልታ ይከተላሉ። ከሩቅ ላየን በዓል ነው የሚመስለው።

የመጨረሻው ቁራጭ የክፍሉ ደጃፍ ላይ አረፈ። ባቡሩ ደርሶ የተዘጋውን በር ገጨው። ወደ ኋላ ትንሽ ተመለሰ፣ እንደገና ገጨው። ኳ። ኳ። ኳ። እንደ ጨዋ እንግዳ በሩን ማንኳኳቱን ቀጠለ፤ ሹፌሩም እጁን አንሥቷል።

አቶ አስማረ ቀና ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ቋጠሮው እንደማይፈታ ገብቷቸዋል። ሹፌሩን በጭንቅላቱ ያዙና በጣራው በኩል ጎትተው አወጡት። ያን ጊዜ ባቡሩ ማንኳኳቱን ተወ። ጎማዎቹ ይዞራሉ፤ እሱ ግን ባለበት ቀረ። ለምን እንደሆነ የምታውቁት ይመስለኛል፤ ክብደቱ ሄደ፣ ሰበቃው ሄደ። ወላጆች አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ዞር ብዬ አስረዳኋቸው። ሁሉም ጸጥ ብለው ሰሙኝ፤ ደወልም አልተደወለም። በሕይወቴ መደምደሚያ የደረስኩት የመጀመሪያው ትምህርት ያ ነው።

ስጨርስ አቶ አስማረ ሹፌሩን እንደያዙ ቆመው ነበር።

“ስምምነታችን ጠረጴዛው ጋ ነው” አሉ። “ባቡሩ ጠረጴዛው ጋ አልቆመም።”

ትክክል ናቸው። እኔም ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝና አመንኩላቸው። የክበቡ አባላት እኔን ያያሉ። እኔ የተዘጋውን በር አያለሁ። ከበሩ ጎን የተከመሩት ዴስኮች ተራቸውን የሚጠብቁ ይመስላሉ። ያኔ አያ መኳንንት በዱላቸው ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ጌታዬ፣ እርስዎስ ጠረጴዛው ጋ ቆሙ?”

አቶ አስማረ ዞር አሉ። ባዶው አዳራሽ፣ ባዶው ጠረጴዛ፣ ከኋላቸው የተሰለፈው የከተማ ሰው። “እኔ እስካለሁበት” ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እነሆ እዚህ ናቸው። መጀመሪያ የሳቁት ወላጆች ናቸው፤ ሁለተኛ እሳቸው። ቁልፉን ከነሹፌሩ በሩ ውስጥ ከተቱ። ሸክላው ሰውዬ ከቁልፉ ጋር አብሮ ዞረ፤ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላቱ ወደ መሬት፣ እጁ ግን እንደተነሣ። በሩ ተከፈተ። ሰውየውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

“ያዘው” አሉኝ። “ከባድ ነው ለካ።”

ዴስኮቹ ተጠግነው ወደ መማሪያ ክፍሎች ስለተመለሱ አሁን ዝናብ አይመታቸውም። ይግዛው የተረፉትን አሥራ ስድስት ሰፊ ሐዲዶች እግር አድርጎ በየደላቸው፤ ስፋታቸው ለዴስክ ልክ ሆኖ ተገኘ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ ልኬት ሳስተምር ድራማውን ትቼዋለሁ፤ ተማሪዎቹን ዴስኩ ሥር እጃቸውን አስገብተው የእግሩን ስፋት በጣታቸው እንዲለኩ አዛቸዋለሁ፤ ክፍሉ በክርክር ይሞላል። አያ መኳንንት ጧት ጧት ስለ ናፍጣው መጠየቃቸውን አልተዉም።

ቋጠሮውን እስካሁን መፍታት አልቻልኩም። ክፍሉን መክፈት የሚፈልግ ሁሉ ሹፌሩን ይዞ ነው የሚመጣው። አቶ አስማረም በእረፍት ሰዓት አንዳንዴ ብቅ ይላሉ። በሩን በሹፌሩ ይከፍቱና ሰውየውን ቦታው አስቀምጠው ባቡሩ አራቷን ሜትር ሲሄድ ቆመው ያዩታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጭንቅላቱን ይዘው ያወጡታል። ማጥፊያውን አልረሳሁትም፤ ደብተሬ ላይ አለ፣ ቁጥር አርባ ሦስት። ለጊዜው ባቡሩን የምናቆመው ሹፌሩን እያወረድን ነው።